የጤና መድን ሰነድ የሚዘገየው ታካሚው በመጣበት ቀን ነው

ጥያቄ፦ «በሰሜን ሸዋ ዞን በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ፋይናንስ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ከሰባት ወረዳዎች ጋር የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ውል አለን፤ መዋጮ የከፈሉ አባላትን እናክማለን፣ ወጪውን ወረዳው ይከፍለናል። በየሩብ ዓመቱ የክፍያ ጥያቄውን የምናስገባው በውሉ ከተቀመጠው ቀን አንድ ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አሳልፈን ነው። ገብቶም የሚመለስብን ብዙ ነው። ፋይናንስ ካርድ ክፍልን ይከሳል፣ ካርድ ክፍል ሐኪሞችን፣ ሐኪሞቹ ፋርማሲውን። ሥራ አስኪያጃችን ለፋይናንስ ሁለት ሰው ይጨመር ወይስ ሶፍትዌር ይገዛ እያሉ ነው። የቱ ይሻላል? እስካሁን የተከማቸውስ እንዴት ይሰበሰባል?»

ምላሽ፦ ሁለቱም የችግሩን ቦታ አያገኙትም። ሰነዱ የሚዘገየው በሩብ ዓመቱ ማብቂያ ፋይናንስ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ታካሚው በመጣበት ዕለት፣ ከካርድ ክፍል እስከ ፋርማሲ መስኮት ባለው መንገድ ላይ ነው። ፋይናንስ ጉድለቱን የሚያየው ሦስት ወር ከተጠራቀመ በኋላ ስለሆነ ጥፋቱ የእሱ ይመስላል። መሥራት ያለባችሁ ይህን ነው፦ የተመላላሽ ታካሚ የክፍያ ወረቀት በዚያው ዕለት፣ የተኝቶ ታካሚ ደግሞ አልጋውን ሳይለቅ ይዘጋ፣ ማለትም ተሞልቶና ተፈርሞ ይለቅ፤ ለመዘጋቱ በስም የሚጠየቅ አንድ የመድን ፎካል (ተጠሪ ሠራተኛ) ይመደብ፤ በየቀኑም ካርድ ክፍል ያወጣው ወረቀት ብዛትና ፎካሉ የተረከበው ብዛት ይመሳከር።

ሰው መጨመሩ ለምን እንደማያዋጣ በሒሳብ ማየት ይቻላል። ሆስፒታላችሁ በቀን 60 የመድን ታካሚ ያያል እንበል። በሩብ ዓመቱ 65 የሥራ ቀን ቢኖር 3,900 ወረቀት ይሆናል። አንዱን ለማጣራት፣ ዋጋውን ለመደመርና በወረዳው ለመመዝገብ 4 ደቂቃ ቢፈጅ በድምሩ 260 ሰዓት ነው። ከአሥሩ አንዱ የሐኪም ፊርማ ወይም የበሽታው ስም ቢጎድለው 390 ወረቀት ይሆናል። ከሁለት ወር በኋላ ካርዱን ከመደርደሪያ አስወጥቶ፣ ሐኪሙን ፈልጎ ማስሞላት ለአንዱ ወረቀት 20 ደቂቃ ቢወስድ ሌላ 130 ሰዓት ይጨመራል። ድምሩ 390 ሰዓት ነው፤ ሦስት ሰው በቀን 8 ሰዓት ሌላ ሥራ ሳይነካ ቢሠራ 16 የሥራ ቀን አለፍ ይላል። ያ ሐኪም ዓመት ፈቃድ ከወጣ ወይም ከተዛወረ ወረቀቱ ጨርሶ አይሞላም። ያንኑ ሥራ በዕለቱ ብትሠሩት ግን 60 ወረቀት 4 ሰዓት ነው፤ የጎደሉት 6 ወረቀቶችም ሐኪሙ ገና ኦፒዲ (የተመላላሽ ሕክምና ክፍል) ውስጥ እያለ በሁለት በሁለት ደቂቃ ይሞላሉ። የአንድ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሌላውን ግማሽ ቀን የተኙትን ለመከታተልና የተመለሱ ሰነዶችን ለማስተካከል ይጠቀምበታል።

ሶፍትዌር ይጠቅማል፣ ግን ሁለተኛ ነው። ሐኪሙ ያልጻፈውን የበሽታ ስም ኮምፒዩተር አይጽፈውም። ዎርድ (የተኝቶ ሕክምና ክፍል) ውስጥ ተሰክቶ ያልተመዘገበ ግሉኮስም ኮምፒዩተሩ ውስጥ የለም። ወረቀቱ በሥርዓት የማይዞርበት ሆስፒታል ሶፍትዌር ሲገዛ ያው ጉድለት በስክሪን ላይ ይታያል፤ መብራት ወይም ኔትወርክ በጠፋባቸው ቀኖች ደግሞ የወረቀቱም የኮምፒዩተሩም መዝገብ ግማሽ ግማሽ ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ የወረቀቱ መንገድ ይስተካከል፤ ሁለት ሩብ ዓመት በቀኑ ካስገባችሁ በኋላ ሶፍትዌሩን በዚያው መንገድ ላይ ትተክሉታላችሁ።

በጥያቄዎ ውስጥ የተደባለቀ አንድ ነገር አለ። የዘገየ የክፍያ ጥያቄና የዘገየ ክፍያ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ወረዳው በካዝናው ገንዘብ አጥሮት የሚያዘገየውን በእናንተ ቅንጅት ልታስተካክሉት አትችሉም። ሆኖም ሰነዳችሁ ዘግይቶ በገባ ቁጥር ወረዳው «እናንተም አዘግይታችኋል» የሚልበት ምክንያት ያገኛል፣ እናንተም በውሉ መሠረት የመጠየቅ አቅማችሁን ታጣላችሁ። ጉዳቱ የሚያርፈው ደግሞ ታካሚው ላይ ነው። የመድን ገንዘብ ካልገባ ሆስፒታሉ ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚከፍለው ያጥረዋል፣ መደርደሪያው ይሳሳል፣ ዓመታዊ መዋጮውን ከፍሎ የመጣው ገበሬ መድኃኒቱን ከውጭ ግዛ ይባላል። ሁለት ጊዜ የከፈለ ሰው በሚቀጥለው ዓመት መታወቂያውን ላያድስ ይችላል። ያንን መዋጮ ደግሞ ወረዳው ለእናንተ የሚከፍልበት ነበር።

አሁን ወደ ወረቀቱ መንገድ። ከመንዝ ማማ ጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎላቸው የመጡ የ65 ዓመት እናት እንውሰድ። ጠዋት 2፡30 ካርድ ክፍል መስኮት ይቆማሉ። እዚህ አራት ነገር መታየት አለበት፦ የመድን መታወቂያው ለዘንድሮ መታደሱ፣ የሪፈር ወረቀቱ ማኅተምና ቀን፣ መታወቂያው ላይ ፎቶግራፋቸው ወይም ስማቸው በቤተሰብ አባልነት መኖሩ፣ እና የመታወቂያ ቁጥሩ ሳይሳሳት መገልበጡ። ማጣራት የሚቻለው እዚህ ብቻ ነው። መታወቂያው እንዳልታደሰ ፋይናንስ ከሦስት ወር በኋላ ቢያውቅ እናቲቱ መንዝ ገብተዋል፣ ወጪው የሆስፒታሉ ሆኖ ቀርቷል። እድሳት የሚካሄደው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ስለሆነ በእነዚያ ወራት ይህ ስሕተት ይበዛል። የየወረዳውን የእድሳት ማብቂያ ቀን በትልቁ ጽፋችሁ ካርድ ክፍል መስኮት ውስጠኛው ገጽ ላይ ለጥፉት። ሰባት ወረዳ ካላችሁ ሰባት መስመር ነው።

መታወቂያው የሚሰጠው በአባወራው ወይም በእማወራዋ ስም ስለሆነ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የታካሚው ስምም የመታወቂያው ቁጥርም ነው። በስም ብቻ መፈለግ በአማርኛ ፊደል አያዋጣም። አንዱ «ኃይሉ» ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ይጽፋል፤ አንዷ «ፀሐይ» ሌላዋ «ጸሃይ»። ለሰው ዓይን አንድ ናቸው፣ ለኤክሴል ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። «በአባላት ዝርዝር ውስጥ የለም» ተብሎ የሚመለስ ሰነድ ውስጥ ይህን ዓይነቱን አታጡትም። የሚያስተማምነው ቁጥሩ ነው፤ ሲገለበጥም አንዱ እያነበበ ሌላው ይጻፈው፣ ወይም ጸሐፊው ጽፎ ሲጨርስ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አንድ ጊዜ ያመሳክረው።

ካርድ ክፍሉ አጣርቶ ሲጨርስ ተከታታይ ቁጥር ያለው የመድን ክፍያ ቅጽ ከጥራዙ ቀድዶ ከካርዱ ጋር ያያይዛል፣ የካርዱ ጫፍ ላይም «መድን» የሚል ማኅተም ያርፋል። ተከታታይ ቁጥሩ ዋና ነገር ነው። ቁጥር የሌለው ወረቀት ሲጠፋ መጥፋቱን የሚያውቅ የለም፤ ቁጥር 1,204 እና 1,206 መጥተው 1,205 ካልመጣ ግን በዕለቱ ይፈለጋል። ቅጹ በሦስት ቅጂ ቢሆን ይመረጣል፦ አንዱ ከካርዱ ጋር የሚቀር፣ አንዱ ወደ ወረዳው የሚሄድ፣ አንዱ በፎካሉ እጅ የሚቆይ።

ኦፒዲ ላይ ሐኪሙ የሚያደርገው ጥቂት ነው፣ ግን ያለ እሱ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም፦ የበሽታው ስም፣ ቀን፣ ሙሉ ስምና ፊርማ። «ራስ ምታት» ወይም «የሆድ ሕመም» ተብሎ ተጽፎ አሥር ዓይነት ምርመራ የታዘዘበት ወረቀት በወረዳው የሕክምና ኦዲት ጊዜ ይመለሳል፣ መመለሱም ተገቢ ነው፤ ምርመራው ለምን እንደታዘዘ ከወረቀቱ መነበብ አለበት። ለሐኪሞች ስብሰባ ላይ «እባካችሁ ሙሉ» ከማለት ይልቅ በየሳምንቱ ስንት ወረቀት የበሽታ ስም ሳይጻፍበት እንደመጣ በየክፍሉ ቁጥሩን አሳዩ። በስም ማጋለጥ አያስፈልግም። ቁጥሩ ከታየ ሥራው ይስተካከላል።

ላብራቶሪና ራጅ ላይ ሕጉ አንድ ነው፦ ዋጋ የሚጻፈው ምርመራው ሲታዘዝ ሳይሆን ሲሠራ ነው። ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) አልቆ ያልተሠራ ምርመራ በትዕዛዙ መሠረት ተደምሮ ሲሄድ ኦዲተሩ ውጤቱን ከካርዱ ውስጥ ያጣዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠራጠረው ያንን ወረቀት ብቻ ሳይሆን የላካችሁትን በሙሉ ነው። ሌላው የቀን አቆጣጠር ነው። የላብራቶሪው ማሽን የሚያትመው በአውሮፓውያን ቀን፣ አንዳንድ ሐኪም የሚጽፈውም በዚያው፣ ካርድ ክፍልና ፋይናንስ ግን በኢትዮጵያ ቀን ነው። አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ቀን ሲታይ ታካሚው ከመምጣቱ በፊት የተመረመረ ወይም ከሄደ በኋላ መድኃኒት የወሰደ ይመስላል። በክፍያ ቅጹ ላይ የኢትዮጵያ ቀን ብቻ ይጻፍ፤ የማሽኑ ወረቀት ላይም ባለሙያው የኢትዮጵያውን ቀን በእጁ አክሎ ይፈርም።

ፋርማሲው የመጨረሻው በር ነው፤ ፎካሉም መቀመጥ ያለበት እዚያ መስኮት አጠገብ እንጂ ፋይናንስ ሕንፃ ውስጥ አይደለም። ፋርማሲስቱ ማዘዣውንና ቅጹን አንድ ላይ ያያል፣ በኤፒቲኤስ (እያንዳንዱ የመድኃኒት ግብይት በቲኬት ተመዝግቦ ኦዲት በሚደረግበት) አሠራር ከሆናችሁ የዱቤ ሽያጭ ቲኬቱን ቁጥር ቅጹ ላይ ይጽፋል፣ የሰጠውን ብዛትና ዋጋ ያሰፍራል። የሌለ መድኃኒት ካለ ማዘዣው ላይ «የለም» ብሎ ማኅተም አድርጎ ይመልስ፤ ታካሚው ከውጭ ገዝቶ በወረዳው ደንብ መሠረት የሚጠይቀው ነገር ቢኖር ማስረጃው ይህ ነው፣ እናንተም ያልሰጣችሁትን አትደምሩም። ቅጹ ላይ የሐኪም ፊርማ ከጎደለ ግን እናቲቱ ከነምርኩዛቸው ወደ ኦፒዲ መመለስ የለባቸውም። ወረቀቱን ይዞ የሚሄደው ፎካሉ ወይም ተላላኪው ነው፣ ታካሚዋ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። የሥራ ክፍሎች ጉድለት በታካሚ እግር አይሞላ።

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው ግን ዎርድ ውስጥ ነው፤ እዚህ ላይ ዘለግ አድርጌ እጽፋለሁ። ተመላላሹ ታካሚ ሁሉንም መስኮት በእግሩ ስለሚዞር አንዱ የረሳውን ሌላው ያስታውሳል። የተኛ ታካሚ ግን አይዞርም፤ ነገሮች ናቸው ወደ እሱ የሚመጡት፦ ካኑላ፣ ግሉኮስ፣ መርፌ፣ ጓንት፣ ካቴተር፣ ከዎርዱ ክምችት የወጣ የሕመም ማስታገሻ፣ ከቀዶ ሕክምና ክፍል የመጣ የስፌት ክር። ነርሷ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሕይወት ስታድን ዋጋ አትጽፍም፣ መጻፍም የለባትም። ስለዚህ ጽሑፉ ጊዜ ይበጅለት፦ ጠዋት በተረኛ ርክክብ። የወጣችው ነርስ ለገባችው ስታስረክብ የእያንዳንዱን የመድን ታካሚ የዕለት ወጪ ገጽ ከመድኃኒት መስጫው ቻርት ጋር አመሳክራ ትፈርማለች። ለአንድ ታካሚ ሁለት ደቂቃ ነው፤ 12 የመድን ታካሚ ቢተኛ 24 ደቂቃ። ይህን በየቀኑ ካልሠራችሁት ሰባት ቀን የተኛን ሰው በመውጫው ቀን ከትውስታ መሙላት ይመጣል፣ ከትውስታ የተሞላ ወረቀት ደግሞ ወይ ያጎድላል ወይ ያጋንናል።

ከዎርድ ሲወጡ ወረቀት የሚጠፋባቸው አራት አጋጣሚዎች አሉ። አንደኛው የቅዳሜና እሑድ መውጫ ነው፤ ፎካሉ የለም፣ ወረቀቱ ነርሶች ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ ሰኞ ሌላ ተረኛ ይመጣል። የተቆለፈ አንድ ሳጥን ዎርዱ በር ላይ ይቀመጥ፤ የተዘጋ ወረቀት ሁሉ እዚያ ይግባ፣ ፎካሉ ሰኞ 2፡30 ይክፈተው። ሁለተኛው በሌሊት ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የሚደረግ ታካሚ ነው፤ በጥድፊያ ቅጹ ከሪፈሩ ጋር አምቡላንስ ውስጥ ይሄዳል። የሊየዘን (ሪፈር የሚያስተባብር) ባለሙያው ሪፈር መዝገቡ ላይ የቅጹን ተከታታይ ቁጥር ይመዝግብ፣ ቅጹ ከዎርድ አይውጣ፤ የሚሄደው የሪፈር ወረቀቱ ብቻ ነው። ሦስተኛው ራሱ ጠፍቶ የሄደ ታካሚ ነው፤ እስከሄደበት ሰዓት የተሰጠው ተጽፎ «ሳይነገር የወጣ» ተብሎ ይዘጋል። አራተኛው ሞት ነው። ቤተሰብ በዚያ ሰዓት ፊርማ ወይም መታወቂያ አይጠየቅም፤ መታወቂያው ሲገባ ስለተመዘገበ አያስፈልግም። የዎርዱ ኃላፊ ሬሳው ከወጣ በኋላ ራሷ ትዘጋዋለች።

ሁለት ሩብ ዓመት የሚያቋርጥ ታካሚም ያምታታል። መጋቢት 27 ገብቶ ሚያዝያ 4 የወጣ ሰው በየትኛው ይጠየቅ? ለሁለት ከመከፋፈል በወጣበት ቀን ሙሉውን መጠየቅ ይቀላል፤ ግን ይህን ከሰባቱም ወረዳዎች ጋር በቃለ ጉባኤ ተስማሙበት። አንዱ በገባበት ቀን፣ ሌላው በወጣበት ቀን ካለ ሰነዱ ወይ ሁለት ጊዜ ይጠየቃል ወይ ጨርሶ ይረሳል።

አሁን ዕለታዊ ማመሳከሪያው። በየቀኑ 10፡30 ላይ ሦስት ቁጥር ይጻፋል። የመጀመሪያው ካርድ ክፍል ዛሬ ያወጣው የመድን ቅጽ ብዛት፣ ሁለተኛው ተዘግቶ ፎካሉ እጅ የገባው፣ ሦስተኛው ምክንያቱ ታውቆ ክፍት ያለው፦ የተኛ፣ ውጤት የሚጠብቅ፣ ነገ ተመለስ የተባለ። የሁለተኛውና የሦስተኛው ድምር ከመጀመሪያው ጋር እኩል መሆን አለበት። ካርድ ክፍል 62 አውጥቶ ፎካሉ 53 ይዞ 6ቱ ክፍት ቢሆኑ 3 ወረቀት የት እንዳለ አይታወቅም። ፎካሉ በተከታታይ ቁጥራቸው ያውቃቸዋል፣ ሠራተኛ ከመውጣቱ በፊት ስልክ ይደውላል። ማታና ሌሊት የመጡት በማግስቱ ጠዋት ይቆጠራሉ። የተዘጉት ወረቀቶች በዚያው ሰዓት በየወረዳቸው ሣጥን ውስጥ ይገባሉ፤ ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ የሚቀረው መደመርና ደብዳቤ መጻፍ ብቻ ይሆናል።

የክፍል ኃላፊዎች ዓርብ ዓርብ 20 ደቂቃ ይገናኙ፤ ሰብሳቢው ሥራ አስኪያጁ ወይም ሜዲካል ዳይሬክተሩ ይሁኑ እንጂ ፋይናንስ አይሁን፤ ፋይናንስ ሐኪምና ነርስን ማዘዝ አይችልም፣ መካሰሱም የሚመጣው ከዚያ ነው። የሚነሳው ነገር በዚያ ሳምንት ያልተገኙ ወረቀቶች ቁጥር፣ የጎደለ ፊርማ ወይም የበሽታ ስም በየክፍሉ፣ ከወረዳ የተመለሰ ሰነድ ካለ ከነምክንያቱ። ሌላ አጀንዳ አይግባበት። ስብሰባው ከ20 ደቂቃ ካለፈ በወሩ ይቀራል።

የቀን መቁጠሪያችን ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ገብቶ ሰኔ 30 ያልቃል። አንደኛው ሩብ ዓመት ጳጉሜን ስለሚይዝ 95 ወይም 96 ቀን ነው፤ «ወሩ በ30 ይዘጋል» የሚል አሠራር ካላችሁ የጳጉሜ አምስት ወይም ስድስት ቀናት ወረቀት ነሐሴም መስከረምም ውስጥ ሳይገባ ይንሳፈፋል። የነሐሴ መዝጊያ «ነሐሴና ጳጉሜ» ተብሎ ይጻፍ። ሁለተኛው ሩብ ዓመት የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ ገና በዋለ ማግስት ሲሆን የማስረከቢያው ሳምንት እስከ ጥምቀት ይዘልቃል። ሦስተኛው መጋቢት 30 ያልቃል፤ ፋሲካ መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ ውስጥ ስለሚውል ሰሙነ ሕማማትና በዓሉ ማስረከቢያው ላይ ሊወድቁ ይችላሉ። አራተኛው ላይ የሁሉም መሥሪያ ቤት ሒሳብ መዝጊያ ይደራረባል። የክፍያ ጥያቄው ሥራ መጨረሻ ላይ የተቆለለ ሆስፒታል በእነዚህ ሳምንታት የግድ ይዘገያል። ሩብ ዓመቱ በተዘጋ በሁለተኛው ቀን የመጨረሻው ቆጠራ፣ በአምስተኛው ቀን የሥራ አስኪያጁ ፊርማ፣ በሰባተኛው ቀን ወረዳው ዘንድ መድረስ፤ ይህ የውስጥ ቀናችሁ ይሁን። የውሉ ቀን ከዚህ የጠበበ ከሆነ ውሉን ተከተሉ። ሰነዱ በሹፌር ወይም በመንገደኛ አይላክ፤ ፎካሉ በእጁ ያድርስ፣ በቅጂው ላይ የወረዳውን ማኅተምና የተቀበሉበትን ቀን ያስደርግ። መርሐቤቴ ወይም ሚዳ ወረሞ ድረስ መሄድ ቀን ይወስዳል፣ ግን «አልደረሰንም» የሚል ክርክር ከዚያ የበለጠ ቀን ይበላል።

ሰባት ወረዳ ማለት ሰባት አሠራር ነው። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ወረዳዎች ሲጀመር በወረዳ ደረጃ የተዋቀረ ስለሆነ የቅጽ አሞላል፣ የማስረከቢያ ቀንና የኦዲት ጥብቀት ሊለያይ ይችላል። አንድ ገጽ ሰንጠረዥ አዘጋጁ፦ የወረዳው ስም፣ የማስረከቢያ ቀን፣ ሪፈር ለስንት ጊዜ እንደሚያገለግል፣ ውል ላይ ያለው የዋጋ ዝርዝር የጸደቀበት ቀን። የሪፈሩ ነገር በተለይ ለደም ግፊትና ለስኳር ክትትል በየወሩ ለሚመጡ ታካሚዎች ነው፤ ጊዜው ባለፈ ሪፈር የታከመ ሰው ወረቀት ይመለሳል። የሆስፒታሉ ቦርድ የአገልግሎት ዋጋ ሲያሻሽልም አዲሱ ዋጋ ለመድን ታካሚ የሚሠራው በውሉ ላይ ከተካተተ ነው፤ ፋርማሲው በአዲሱ፣ ውሉ በአሮጌው ከሆነ ልዩነቱ በሙሉ ይቆረጣል።

በክፍያ ጥያቄ ውስጥ መግባት የሌለባቸውን መለየትም የፎካሉ ሥራ ነው። ወሊድ፣ ክትባት፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና መንግሥት በነፃ የሚሰጣቸው ናቸው፣ ወደ ወረዳው መድን አይላኩም። በነፃ ሕክምና ወረቀት የመጣ ሰው ወጪ የሚጠየቀው በሌላ መንገድ ነው፣ መክፈል ባለመቻሉ መንግሥት መዋጮውን ከከፈለለት የመድን አባል ጋር አይቀላቀል። ከደብረ ብርሃን በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ የሚደርስ የመኪና አደጋም በተሽከርካሪ መድን ሕግ የሚታይ ስለሆነ የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ ተይዞ ለብቻው ይቀመጥ። እነዚህ ሲቀላቀሉ አንድ ወረቀት ብቻ አይደለም የሚመለሰው፣ ሙሉው ጥቅል ለማጣራት ይቆማል።

አራት ማስጠንቀቂያ። የጎደለ የበሽታ ስም በጸሐፊ ወይም በፎካል እጅ አይሞላ፣ ወደ ኋላ ቀን አይጻፍ፤ ከካርዱ ጋር ያልገጠመ አንድ ወረቀት የተገኘ እንደሆነ ጉዳዩ ከመዘግየት ወደ ሐሰተኛ ሰነድ ይሸጋገራል። ወረቀቱ አልተሟላም ተብሎ የመድን አባል ገንዘብ አይጠየቅ፣ መታወቂያውም አይያዝ። ድንገተኛ ሕመምተኛ ያለ ሪፈር ሲመጣ ሕክምናው አይቆይ፤ ሐኪሙ «ድንገተኛ» ብሎ ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጻፍና ይፈርም፣ ፎካሉ ያንኑ ይዞ ይጠይቃል። የሕሙማን የበሽታ ስም ያለበት ጥቅል ደግሞ ክፍት ጠረጴዛ ላይ አይደር።

የተከማቸውን በተመለከተ አሮጌውንና አዲሱን አንድ ሰው አይሥራቸው። ፎካሉ ከነገ ጀምሮ የሚመጣውን በየዕለቱ ይዝጋ፤ አሮጌው ለሌላ ሁለት ሰው፣ ለተወሰነ ጊዜ ይሰጥ። ሥራ አስኪያጁ ሰው መጨመር ከፈለጉ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ክምሩን መጀመሪያ በወረዳ፣ ከዚያ በበጀት ዓመት፣ ከዚያ በገንዘብ መጠን ለዩት። የዘንድሮውንና የተኝቶ ታካሚውን አስቀድሙ፤ አንድ የቀዶ ሕክምና ወረቀት ብዙ የኦፒዲ ወረቀት ያህል ገንዘብ ይይዛል። የተሟላውን ወዲያው ላኩ፣ የጎደለውን አትጠብቁበት። ካርዱ ተገኝቶ የሐኪሙ ጽሑፍ ውስጡ ካለ ከዚያ ላይ ሐኪሙ ራሱ ይሙላ፤ ሐኪሙ ከሌለ ሜዲካል ዳይሬክተሩ ካርዱን አይተው «ከካርዱ የተወሰደ» ብለው በዛሬ ቀን ይፈርሙ። ካርዱም ውስጥ ያልተጻፈውን ተዉት፣ በዝርዝር መዝግባችሁ ለቦርዱ እንደ ኪሳራ አቅርቡት። ያለፈው በጀት ዓመት ጥያቄ ከመላኩ በፊት ለየወረዳው የመድን ኃላፊ በደብዳቤ ጠቅላላ ብዛቱንና ብሩን አሳውቁ፣ በምን ሁኔታ እንደሚቀበሉት በጽሑፍ መልስ አግኙ፤ የኦዲት ቡድናቸው ሆስፒታሉ ድረስ መጥቶ ካርዶቹን እዚያው እንዲያይ ብትጋብዙ ወረቀቱ ሄዶ የሚመለስበትን ሁለትና ሦስት ወር ትቆጥባላችሁ።